የስለት ጥላ በባሕር ዳር ፀሐይ

ጥላውን የተረከብሁት ሞጣ ላይ ነው። እዚያ የቤተ ክርስቲያን አልባሳት የሚሰፋ ሰው አለ፤ እኛ የቢቸና ሰዎችም እንዲህ ላለው ነገር የምንሄደው ወደ እሱ ነው። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ቢጫ ዘርፍ አለው፤ ከጫፉ ላይ ትንሽ መስቀል ተተክሎበታል። ሰፊው አጥፎ በነጭ አቡጀዲ ጠቀለለው፤ አቧራ እንዳይነካው ደግሞ ከላይ ላስቲክ አለበሰው።

«እንግዲህ እስኪያስረክቡት ድረስ አይፈታም» አለኝ።

«ምን ሆኜ እፈታዋለሁ?» አልሁት።

እኅቴ ቤት አድሬ በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የሞጣ ብርድ አጥንት ይገባል። ሹራብ ለብሼ፣ በላዩ ጋቢ ደርቤ፣ ጥላውን እንደ ሕፃን አቅፌ ተቀመጥሁ። ረዳቱ ከላይ ካልጫንሁት ብሎ ታገለኝ።

«እናቴ፣ ቦታ ያዘ እኮ! ለሱም ትኬት ልቁረጥለት?»

«ቁረጥለት» አልሁት።

ሰው ሳቀ፤ እሱም ተወኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የተማረችው ባሕር ዳር ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ሆስፒታል ገባች። ያን ጊዜ መንገድ ዝግ ነበር፤ ስልክም አይሠራም። ወሬው የደረሰኝ በሰው በሰው ነው። የመጨረሻው ሰው የሚያውቀው «ሆዷን ተቀድዳ ተኝታለች» የሚለውን ብቻ ነበር። ትኑር አትኑር አያውቅም። አባቷ ካረፈ ቆይቷል፤ የምማከረው ሰው አልነበረኝም። ቤተ ክርስቲያን ሄድሁና በሴቶች መግቢያ በኩል ግንባሬን ከግድግዳው አስደግፌ ቆምሁ።

በጣና ላይ ካሉት ገዳማት አንዱ በመልአክ ስም ነው። ያየሁት አልነበረም። እኔ ልደርስላት ካልቻልሁ እሱ እንኳ ቅርቧ ነው ብዬ ነው የጠራሁት። «ልጄን ከዚያ አልጋ ብታነሣልኝ ጥላ አሠርቼ፣ ከተማው ስደርስ ከመኪና ወርጄ፣ በእግሬ እስከ ውሃው ዳር አመጣልሃለሁ» አልሁ። ቃሌ ይኸው ነበር።

ከዚያ ብዙ ቀን አለፈ። አንድ ከሰዓት ሽሮ እየነፋሁ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። «እማዬ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ወንፊቱ ከእጄ ወድቆ ሽሮው ተደፋ፤ እኔም እዚያው መሬት ላይ ተደፋሁ። ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁን።

ልጄ ድና ተመረቀች። አሁን ባሕር ዳር አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ሰውነቷ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ቶሎ ትደክማለች። ስለቱን ለማግባት እኔ ስነሣ መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲከፈት የእኔ ነገር አይሞላም። በስልክ ድምፅዋ ሲደክምብኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ ባለች ቁጥር፣ የኔው ስለት ነው እያልሁ እደነግጥ ነበር። የተቀበልሁትን ሳልመልስ የተሰጠኝ እንዳይወሰድ ፈራሁ።

ገዳሙ ሴት አይገባበትም። ይህን አውቃለሁ፤ ሥርዓት ነውና አልከፋኝም። ልጄ ጠይቃ እንደነገረችኝ የገዳሙ ጀልባ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ወደቡ ይመጣል። አንድ መነኩሴ ለገዳሙ የሚያስፈልገውን ሸክፎ ይመለሳል፤ የስለት ዕቃ ያለውም እዚያው ለእሱ ያስረክባል። ጀልባው የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሣ መሄድ አለበት። በማግሥቱ ደግሞ ወደ አገሬ የሚመለስ መኪና አለ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ያለኝ ያ አንድ ቀን ነበር።

ስለቱን ስሳል ያልገባኝ ነገር ቢኖር የከተማው ስፋት ነው። ከተማ ሲባል የማውቀው ቢቸናንና ሞጣን ነው። ሞጣ ተወለድሁ፣ ቢቸና ተዳርሁ። ሁለቱንም ከአንዱ ጫፍ ተነሥቼ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደግሜ ሳልጨርስ ከሌላው ጫፍ እደርሳለሁ። ባሕር ዳርም ቢበዛ የእነሱ እጥፍ ቢሆን ነው ብዬ አስቤ ነበር።

መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፤ ሁላችንም ወረድን። አንዱ ፈታሽ ጥላውን ተቀብሎ ዳበሰ። ዘንጉን ሲነካው ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼ ምንድን ነው? ይፈታ!»

«አይፈታም፤ የስለት ነው።»

«እናቴ፣ ይፍቱ አልሁ።»

«ልጄ፣ እኔን ልፍታዎት ብትል ይሻላል» አልሁት። ሹፌሩ መጥቶ «የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው፤ መስቀሉን እይ» አለው። ፈታሹ በላስቲኩ ውስጥ መስቀሉን አይቶ መለሰልኝ። «ይለፉ» አለኝ፤ ድምፁ ለስልሶ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው።

ሹፌሩ ከከተማው ዳር አራግፎን ተመለሰ። ልጄ እዚያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከስታለች። አቅፌያት ስስማት ትከሻዋ እንደ ወፍ ትከሻ ሆነብኝ።

«እማዬ፣ ጋቢሽን አውልቂ፤ እዚህ ሙቀት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፀሐይዋ ገና ጠዋት ሳለች ትከሻ ላይ ትቀመጣለች። ጋቢውን አጥፋ በእጇ ያዘችልኝ።

አንድ ባጃጅ አጠገባችን መጥቶ ቆመ።

«ወዴት ነው እናቴ? ይግቡ!»

«በእግራችን ነን» አልሁት።

«የት ድረስ?»

«ወደቡ ድረስ።»

ባለባጃጁ አንገቱን አውጥቶ ልጄን አያት። «እኅት፣ ነግረሻቸዋል የት እንደሆነ?»

«ሂድ በቃ» አለችው። ወደ እኔ ዞራ ግን «እማዬ፣ ሩቅ ነው» አለችኝ።

«ስንት ይሆናል?»

«ቢቸናን አራት ጊዜ ነው።»

«ተስያለሁ እኮ፤ በእግሬ ብያለሁ።»

«የተሳልሽው አንቺ ነሽ፤ እግሩን ግን ለሁለታችንም ነው ያደረግሽው» ብላ ሳቀች።

«አንቺ በባጃጅ ቅደሚኝ» አልኋት። እምቢ አለች፤ መንገዱን ብቻዬን አላውቀውም። ተያይዘን ጀመርን።

ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠየቅኋት። ጾመ ነቢያት ነው፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። እሷ የታመመች ናት፤ የንስሐ አባታችንም እንድትበላ ፈቅደውላታል። «በልቻለሁ» አለችኝ። አፏ ግን ደርቆ ነበር። እኔ ሳልቀምስ እሷ መብላት አፍራ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከተማው መንገድ ብቻ ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። መሐሉ ላይ ዘንባባ ተሰልፏል፤ ጥላው ግን ለመኪና እንጂ ለእግረኛ አይደርስም። ብስክሌት እንደ ዝንብ ነው፤ ሴቱም ወንዱም ይነዳል። አንዲት የኔ እኩያ የምትሆን ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ነድታ ስታልፍ ቆሜ አየኋት።

«ልትሞክሪ ነው?» አለችኝ ልጄ።

«በእግሬ አልሁ እንጂ በብስክሌት አላልሁም።»

ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አየሁ። አጠገቡ ደርሶ ሳይሳለሙ ማለፍ የለም፤ ገባን፤ ደጁን ተሳለምሁ። እንደገና ስንሄድ ሌላ ጉልላት ታየኝ። እሱንም ተሳለምሁ። ልጄ ሰዓቷን ታያለች። ሌላ ደግሞ በቀኝ በኩል ብቅ ሲል እጄን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ ይህን ከዚሁ ሆነሽ ተሳለሚው። ጀልባው ይሄዳል።»

«ታዲያ ቅር አይለውም?»

«እሱ የት እንደምንሄድ ያውቃል።»

ከመንገዱ ዳር ሆኜ ሰገድሁ። ከዚያ በኋላ የነበሩትንም እንዲሁ አደረግሁ። ቁጥራቸው ብዙ ነበር፤ ከተማው በረከት አለው።

ገበያው አጠገብ ስናልፍ የዓሣ መጥበሻው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት ከመንገዱ ዳር ተቀምጣለች። ጥላውን አየችና ጠራችኝ።

«እሜቴ፣ ጃንጥላ ይዘሽ ለምን ፀሐይ ይጠብስሻል?»

«ለኔ አይደለም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለመልአኩ።»

«ኧረ እሱ ክንፍ አለው!» አለች፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅር በለኝ! ምላሴን ይቁረጠው!» ከሸንኮራው አንድ አንጓ ቆርጣ ለልጄ ሰጠቻት። ልጄ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያን ጊዜ በጉልበት ላስበላት ይገባኝ ነበር።

እግሬ ማበጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የለበስሁት የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ አስፋልቱ በሥሩ ይግላል። ጥላው ከባድ አይደለም፤ ግን አቅፈው እንደያዙት ሕፃን እየቆየ ይከብዳል። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እያዛወርሁ ሄድሁ። ልጄ ካልያዝሁልሽ አለች፤ አልሰጠኋትም። ልቤ ውስጥ ጸሎት የለም፤ ውዳሴዬ ተቋርጧል። የማስበው ስለ ተረከዜ ብቻ ነበር።

በሁለት ሕንፃዎች መካከል አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ታየኝ።

«ይኼ ሁሉ ቆርቆሮ የማን መጋዘን ነው?» አልሁ።

ልጄ ቆማ አየችኝ። «እማዬ፣ ውሃው ነው።»

ቆምሁ። ማዶው አይታይም። ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል በዳር በዳር ይወዛወዛል፤ ከረጢት ጉሮሮ ያላቸው ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ ተቀምጠዋል።

«ዓባይ የሚወጣው ከዚህ ነው» አለችኝ።

ዓባይን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ከደጀን በታች፣ ከድልድዩ ላይ። ከገደል ሥር ቡኒ ሆኖ ይቆጣ ነበር። ከዚህ ሲነሣ እንዲህ ዝም ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ደረስን ታዲያ» አልሁ።

«ውሃው ጋ ደረስን። ወደቡ ግን በዳር በዳር ሄደን ነው። ፈጠን እንበል፤ ነፋስ ከመጣ አይጠብቁንም።»

የውሃው ዳር መንገድ አዲስ የተሠራ ነው። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ድንጋዩ ነጭ ነው። ቤት የለበትም፣ ሱቅ የለበትም። የተተከሉት ዛፎች ገና ጉልበቴ ላይ የሚደርሱ ችግኞች ናቸው። ባጃጅ በዚያ እንዳይነዳ ተከልክሏል። ፀሐይዋ ከላይ ትመታለች፤ ውሃው ከጎን ይመልሳታል፤ ድንጋዩ ከሥር ይተፋታል። እኔ ከፊት ከፊት እሄድ ነበር፤ ጀልባው እንዳይሄድብኝ ብቻ አስባለሁ።

ስዞር ልጄ ከኋላዬ የለችም። መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋቢዬን በሆዷ አቅፋ፣ ራሷን ደፍታ። ሮጥሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ዞረብኝ። ትንሽ ልቀመጥ።»

ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ግንባሯ ላይ ላብ አለ፤ ስነካው ግን ይቀዘቅዛል። በላስቲክ የያዘችው ውሃ አልቋል።

«በልተሽ ነበር?»

ራሷን ነቀነቀች፤ የለም ለማለት። ሸንኮራውን ከቦርሳዋ አውጥቼ በጥርሴ ልጬ አፏ ውስጥ አደረግሁት። ነጠላዬን ራሷ ላይ ጣልሁ፤ ነጠላ ምን ይጋርዳል? ዙሪያዬን አየሁ። የዛፍ ጥላ የለም፣ የግንብ ጥላ የለም። እጄ ውስጥ ግን አለ።

ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድሁት።

«እማዬ! አትፍቺው! የመልአኩ ነው!»

«ዝም በይ።»

«እስከዚህ አምጥተሽው!»

«ዝም በይ አልሁ፤ ምጠጪ።»

አቡጀዲውን ፈታሁ። ዘንጉን ገፋሁት፤ ተዘረጋ። ሰፊ ነበር፤ እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከላይዋ ያዝሁላት። ፊቷ በከፋዩ ቀይ ሆነ፤ ዘርፉ በትንሽ በትንሹ ይወዛወዛል። ዓይኗን ጨፈነች። ሸንኮራውን ስትመጥ ይሰማኛል።

እኔ ቆሜ ነበር፤ እኔ ከጥላው ውጭ ነኝ።

አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ሲመጡ የተዘረጋውን ጥላ አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ታቦት መስሏቸው ነው። ቀርበው ሲያዩን ግራ ተጋብተው ባርኔጣቸውን መልሰው ሳይደፉ አለፉ። ከዚያ ሁለት ሴቶች መጡ። አንዷ ቆመች።

«ወይ ጉድ! እናትዬ፣ ልጅሽን ታቦት አደረግሻት እንዴ?»

«ዞሮባት ነው።»

«ቢዞርባትስ! ይህ እንዲህ ይዘረጋል? የት አገር ሰው ነሽ?»

«የቢቸና።»

«የቢቸና ሰው ሥርዓት ያውቃል ሲባል ነው የምሰማው» አለች። ጓደኛዋ ክንዷን ጎተተቻት። «ተያት፤ አትታይሽም እንዴ ልጂቱ!» ብላ ከዘንቢሏ የውሃ ላስቲክ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ዋጋውን ሳትቀበለኝ ሄደች። ሁለቱም እግዚአብሔር ይስጣቸው። የመጀመሪያዋ ያለችኝን ራሴም እያልሁት ነበር።

ልጄ ጠጣች። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ገለጠች።

«እማዬ፣ አሁን ይህን ይቀበላሉ?»

«አላውቅም።»

«በኔ የተነሣ...»

«ባንቺ የተነሣ ነው የተሠራው» አልኋት።

ከንፈሯ ቀለም እስኪመለስለት ጠበቅሁ። ስለ ጀልባው ማሰብ ትቼ ነበር። ሄዶ ከሆነ ሄዷል። ብትነሣልኝ በቂዬ ነው አልሁ፤ ከዚያ ያን ቃል በፊትም ለዚያው መልአክ እንዳልሁት ትዝ አለኝና ደነገጥሁ። እንግዲህ ሁለት ጊዜ ለምኜው ባዶ እጄን ልመለስ ነው?

«ልሞክር» ብላ ተነሣች። ጥላውን አጠፍሁ። ዘርፉ መሬቱን ነክቶ አቧራ ይዟል፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ላስቲኩ ተቀዷል፤ በአቡጀዲው ብቻ ጠቀለልሁት፤ እንደ ሰፊው አላማረልኝም። አንድ እጄ ጥላውን፣ ሌላው እጄ ልጄን ይዞ ቀስ እያልን ሄድን። ወደቡ ከዚያ ብዙም አይርቅም ነበር።

ጀልባው አለ።

ወደቡ ትንሽ ነው፤ የሲሚንቶ መውረጃ፣ የታሰሩ ጀልባዎች፣ አንድ ትልቅ ዋርካ። አንድ ቀጭን መነኩሴ ቢጫ ልብስ ለብሰው የጨው ጆንያ ያቀብላሉ። ባለጀልባው ሞተሩን እያየ ይነጫነጫል።

«አባ፣ ነፋሱ እየመጣ ነው! ውሃው ጥቁር ሲሆን አይታይዎትም?»

«ጨዉን አስገባና እንሄዳለን።»

«ባለፈው ሳምንትም ጨዉን አስገባና ብለው ነው ለነፋስ የዳረጉኝ!»

ቀርቤ መስቀል ተሳለምሁ። ልጄን ዋርካው ሥር አስቀምጫታለሁ።

«አባቴ፣ ስለት ይዤ መጥቻለሁ። ጥላ ነው።»

«እግዚአብሔር ይቀበልሽ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። እኔ አልሰጠኋቸውም።

«አስቀድሜ የምነግርዎት አለ።»

ባለጀልባው «ኧረ እናቴ፣ ንስሐ እዚህ ነው የሚገባው?» አለ።

«ዝም በል አንተ» አሉት። ወደ እኔ ዞሩ። «ንገሪኝ።»

«ተዘርግቷል። ከዚህ አጠገብ፣ መንገድ ላይ።»

«ማን ዘረጋው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

እጄን ወደ ልጄ ዘረጋሁ። «ፀሐይ ጣለቻት። ሌላ ጥላ አልነበረም።»

መነኩሴው ልጄን አዩ። ከዚያ ጥላውን ተቀብለው አቡጀዲውን ፈቱ፤ ከፋዩን ዳበሱ፤ ዘርፉን አገላብጠው አዩ። አቧራው ያልተራገፈበት ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ስለቱ ለማን ነበር?» አሉ።

«ለእሷ። ታማ ነበር፤ ተነሣችልኝ።»

«እህ።» ጥላውን መልሰው ጠቀለሉ። ከእኔ አሳምረው ነው የጠቀለሉት። «ተባርኮ ነበር?»

«የለም፤ ከሰፊው ነው ያመጣሁት።»

«እንግዲያ ገና ጨርቅ ነው። ስንባርከው ነው የቤተ መቅደስ ዕቃ የሚሆነው። ከዚያ በኋላ ብትዘረጊው ነገሩ ሌላ ነበር።»

«ይቀበሉኛል?»

«ተቀበልሁሽ እኮ፤ በእጄ አይደል?» ብለው ከብብታቸው አስገቡት። ከዚያ ቆጣ አሉ። «ግን አንቺ ሴት፣ ይህችን ልጅ ከየት ጀምረሽ ነው በዚህ ፀሐይ በእግር ያመጣሻት?»

ነገርኋቸው።

«ወቸ ጉድ! ባጃጅ ጠፍቶ ነው?»

ልጄ ከዋርካው ሥር ሆና «አባ፣ እኔም ስል የዋልኩት እሱን ነው!» አለች። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማሁባትም ነበር። ባለጀልባው በሳቅ ጆንያውን ለቀቀው፤ ጨዉ መውረጃው ላይ ወደቀ።

«በእግሬ ብዬ ተስዬ ነው፣ አባቴ» አልሁ።

«አንቺ በእግርሽ። እሷን ማን በእግርሽ አላት?» አሉኝ። መልስ ሳይጠብቁ መስቀሉን ወደ ልጄ ወስደው አሳለሟት፤ ግንባሯ ላይ ጥቂት አቆዩት።

«ነፋሱ!» አለ ባለጀልባው። እውነትም ደንገሉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን መተኛት ጀምሯል፤ ውሃው ከሩቅ ጠቁሯል።

መነኩሴው ሊሄዱ ሲሉ ተመለሱ።

«ስመ ክርስትናዋን ንገሪኝ። በጸሎት እንድናስባት።»

ነገርኋቸው።

«ያንቺስ?»

ስሜን የጠየቀኝ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም ነበር። የመጣሁት ለእሷ ነው። የእኔንም ነገርኋቸው።

«ወረቀት አልያዝሁም፤ በአፌ ይዤው እሄዳለሁ» አሉ። ጥላውን በብብታቸው፣ የሻማ ካርቶን በእጃቸው ይዘው ወደ መውረጃው ሄዱ። ሁለቱን ስሞች እየደጋገሙ ነበር፤ የእሷን አስቀድመው፣ የእኔን አስከትለው። እግሬ ከዚያ በላይ አልቆመልኝም፤ ከልጄ አጠገብ ተቀመጥሁ። ትከሻዋን ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

ባለጀልባው ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ ተነሣ። የመነኩሴው ድምፅ ጠፋብኝ። አፋቸው ግን አሁንም ይንቀሳቀስ ነበር።